ከወይራው ሃያ አንድ እርምጃ

የሞተ ሰው አድራሻ አይቀይርም የምትሉ ካላችሁ ወደ እኛ ደብር ብቅ በሉና እዩ። እኔም እንደ እናንተ ነበር የማስበው። ሰው ተወልዶ፣ ደክሞ፣ ታሞ፣ ሞቶ፣ ተለቅሶለት ከተቀበረ በኋላ ቢያንስ መንቀሳቀሱን ያቆማል እል ነበር። ይኸውላችሁ፣ ከጥምቀት በኋላ በነበረችው አንዲት ሳምንት፣ ከሞተ ሦስት ዓመት የሞላውን ወንድሜን ፍለጋ የተንከራተትሁትን ያህል በሕይወት ሳለ ፈልጌው አላውቅም። በሕይወት ሳለማ መፈለግም አያስፈልገውም ነበር፤ ፉጨቱ ከበቅሎው ቀድሞ ይደርሳል።

ወንድሜ ደሳለኝ ታላቄ ነው። የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ጭኖ ወደ ጊች ተራራ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያፏጫል። በአንድ ሳምንት ሕመም ሞተ። ስለ ሞቱ ከዚህ በላይ ባልጽፍ ደስ ይለኛል፤ ጨዋታችንን እንቀጥል።

እኔ ደባርቅ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ጨርሻለሁ ስል ክፍሉን እንጂ ፈተናውን አይደለም፤ ፈተናው ነው እኔን የጨረሰኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። «ሙሉ ስም?» እላለሁ፤ ሰውየው ይነግረኛል፤ እተይባለሁ። «የአያት ስም?» እላለሁ። በዚህ ሥራ ስድስት ዓመት ስቆይ የአንድ ሰው ስም ተሳስቼ አላውቅም። ይህችን ዐረፍተ ነገር አደራ ያዙልኝ፤ በኋላ ታዋርደኛለች።

እናቴ ያለችው በገጠር ነው፣ ከደባርቅ ወደ ዳባት ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ወረድ ብላ። ከእናቴ ጋር ያለኝ ችግር ስልክ ነው። ደሳለኝ ከሞተ ጀምሮ በየቀኑ፣ ገና ሰማዩ ሳይነጣ፣ ትደውላለች።

«አለህ?»

«አለሁ እማ። ምን እሆናለሁ?»

«በል እሺ» ብላ ትዘጋዋለች። ይኸው ነው። ሰላምታ የለ፣ ወሬ የለ። ብለምናት፣ ብቆጣ፣ «እማ፣ ፀሐይ ስትወጣም እኮ እኖራለሁ» ብላት አልሰማ አለች። ስልኬን ያጠፋሁ ቀን በመጀመሪያው ሚኒባስ ደባርቅ ድረስ መጥታ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ከእግር እስከ ራሴ አይታኝ፣ በዚያው ሚኒባስ ተመልሳለች። ደንበኞቼ ይሄን ሁሉ አይተዋል።

ሌላው ደግሞ ጨው ነው። እናቴ በየወሩ ለጨው ዳባት ትሄዳለች። ጨው ከቤቷ አጠገብ ካለችው ሱቅ ይሸጣል። ብነግራት «የዳባቱ ይሻላል» ነው መልሷ። አሁን ቤቷ ውስጥ ያለው ጨው ለአንድ ክፍለ ጦር ይበቃል። ሐዘን ነው ብዬ ተውኩት። ሰው ሲያዝን አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ ይሰደዳል፤ እናቴ ጨው ትገዛለች።

እንግዲህ ያን እሑድ ስልኬ ሁለት ጊዜ ጮኸ። የመጀመሪያው የተለመደው ነው። ሁለተኛው ከቅዳሴ መልስ መጣ።

«ወንድምህን ሊያፈልሱት ነው» አለች።

«ወዴት?»

«ወደ ታች፣ ወደ ባሕር ዛፉ። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን የሚታነጸው መቃብሩ ካለበት ላይ ነው አሉ። እስከ ቅዳሜ ሁሉም ሙቱን ይለይ፤ ያልተለየው በአንድ ጉድጓድ ይገባል ተብሏል። ሰማህ? በአንድ ጉድጓድ!»

«እሺ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«ቅዳሜ! ሰው ወንድሙን በመጨረሻው ቀን ነው የሚፈልግ? እኔ ከደሳለኝ ጎን ነው የምተኛው፤ ተናግሬ ጨርሻለሁ። እሱ የት እንዳለ ካልታወቀ እኔን የት ልትጥሉኝ ነው?»

ሰኞ ሄድኩ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ ደሳለኝ ሐውልት የለውም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሐውልቱን እኔ ላሠራ ቃል ገብቼ ነበር። ጽሑፉን በኮምፒውተር አዘጋጅቼዋለሁ፤ የፊደሉን ዓይነት ግን መወሰን አቃተኝ። አንዱ ፊደል የሠርግ ጥሪ ይመስላል፣ አንዱ የጨረታ ማስታወቂያ። አሥራ አራት ጊዜ አትሜ አሥራ አራት ጊዜ ቀደድኩ። ለአርባው አልኩ፣ ለሙት ዓመቱ አልኩ። በዚህ መሃል ራስጌው ላይ ያቆምናትን ድንጋይ ባለፈው ክረምት ለአጥር ካብ ወሰዷት።

በእኛ ደብር ግን ሐውልት ያለው ጥቂት ነው። የእኛ መቃብር ምልክቱ ሰው ነው። በየቤተሰቡ አንድ የሚያስታውስ ሽማግሌ አለ፤ እሱ ሳይሞት ለሌላው ይነግራል። የእኛው አያ ተሻገር ናቸው፣ የአባቴ አጎት። ዘንግ የሚያህሉ ሰው ነበሩ፤ አሁን ጎብጠው ከዘንጉ አንሰዋል። ስደርስ መቃብሩ መካከል ቆመው ይጠብቁኛል። ፈንታም አብሮ አለ፤ የደሳለኝ ጓደኛ ነው፣ እሱም ባለ በቅሎ። በቀብሩ ዕለት አስከሬኑ የተጠቀለለበት ሰሌን ማሰሪያው ቢበጠስ፣ ከበቅሎው ጭነት ላይ ሰማያዊ የናይለን ገመድ ፈትቶ ያሰረው ፈንታ ነው።

«አያ ተሻገር፣ ያውቁታል አይደል?» አልኩ።

«እኔን?» አሉ ተቆጥተው። «ቅድመ አያትህን የቀበርሁ፣ አያትህን የቀበርሁ፣ አባትህን የቀበርሁ እኔ! ሁሉም በአንድ መስመር፣ እንደ ተዘራ ባቄላ ነው የተኙት። ደሳለኝ ከጫፍ ነው፤ እሱ ተገኘ ማለት ዘርህ ሁሉ ተገኘ። ከወይራው ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ሃያ አንድ እርምጃ። አለቀ።»

ጥሩ ነው። «ወይራው የታል?» አልኩ።

አያ ተሻገር ዞር አሉ። እንደገና ዞሩ። ወይራው የለም።

«ነፋስ ጥሎት ጉቶውን ነቅለነዋል እኮ» አለ የደብሩ ዘበኛ፣ እንደ ቀላል ነገር። ከብዙ ክርክር በኋላ የወይራው ቦታ የዘበኛው ዶሮ አፈር የምትታጠብበት ጎድጓዳ መሆኑ ታወቀ። ዶሮዋን አባረን ከእሷ ቦታ ላይ መቁጠር ጀመርን። አንድ ቤተሰብ ሰባት ትውልዱን በዶሮ ጎድጓዳ ሲለካ አስቡት።

መጀመሪያ አያ ተሻገር ራሳቸው ቆጠሩ። ዛሬ እርምጃቸው ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ሃያ አንድ ሲሉ የቆሙት፣ ጃንጥላ ዘርግታ መሬት ላይ በተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ቀሚስ ላይ ነው። እትዬ እታገኝ ናት፤ ሰው እንዳይወስድባት ከትናንት ጀምራ የአባቷን መቃብር ትጠብቃለች።

«አባቴን ረገጡት!» ብላ ጮኸች።

«አባትሽ በሕይወት ሳለም መንገድ ላይ መቀመጥ ይወድ ነበር» አሏት አያ ተሻገር።

«እርስዎ ደግሞ በሕይወት ሳሉም መንገድ አያውቁም!»

ቀጥሎ ፈንታ ይቁጠር ተባለ። ፈንታ ዳገት የለመደ ነው፤ አንዱ እርምጃው የእኛን ሁለት ይሆናል። ሃያ አንድ ሲል አጥሩን ዘሎ የሰው ድንች ማሳ ውስጥ ቆሟል። «እዚህ ከሆነ ደሳለኝ ደህና እየበላ ነው» አለ ከድንቹ መካከል። ያን ቀን እኔን ያሳቀኝ ያ ብቻ ነው፤ ሳቄን ሳልጨርስ ደግሞ ዓይኔ ሞላ። እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ይቅርታ።

ማክሰኞ ጠዋት አያ ተሻገር ግንባራቸውን እየመቱ መጡ።

«ቃሬዛው!» አሉ። «ያኔ እኮ ስቆጥር ቃሬዛ ተሸክሜ ነበር! የተሸከመ ሰው እርምጃ ሌላ ነው፤ አይረዝምም አያጥርም። ቃሬዛ አምጡ!»

ዘበኛው ቃሬዛውን አመጣ። አያ ተሻገር፣ ፈንታ፣ ዘበኛውና አንድ የሕንፃው ኮሚቴ አባል አራቱን ጫፍ ያዙ። አያ ተሻገር ግን አልተራመዱም።

«ይቀላል» አሉ። «ባዶ ቃሬዛ እርምጃ ያስረዝማል። ሰው ይተኛበት።»

ሁሉም ወደኔ አየ።

ወገኖቼ፣ ሰው ለወንድሙ ብዙ ነገር ያደርጋል። ተኛሁ። «ዝም በል፣ አትንቀሳቀስ፤ ሬሳ አይወዛወዝም» አሉኝ አያ ተሻገር። ነጠላ አለበሱኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ተነሡ። ከላይ የማየው ሰማይ ብቻ ነው፤ አንድ ጥንብ አንሣ ይዞራል፤ እሱም ጉዳዩን በጥሞና የሚከታተል ይመስለኛል። «ካንተ ደሳለኝ ይከብድ ነበር» ይላል ፈንታ። «ድንጋይ ልያዝ?» እላለሁ። «ሬሳ አይናገርም!» ይላሉ አያ ተሻገር። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር።

አሥራ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት በአጥሩ በኩል አየችን። እንስራዋን አስቀምጣ ደረቷን መታች። «ወይኔ! ወይኔ ወንድሜን! ማን ነው? ማን ነው የሞተው?» አለች ማልቀሷን ሳታቋርጥ።

ቀና አልኩና «ማንም አልሞተም እናቴ፣ እየለካን ነው» አልኳት።

እንስራዋን እንኳ አላነሣችም። እንደዚያ የሚሮጥ ሰው በሩጫ ውድድርም አላየሁ።

እኛ ግን ቀጠልን። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ...

በዚያ ቅጽበት እናቴ ደረሰች። ምሳ ይዛልን መጥታ ነው። ከደጀ ሰላሙ ስትገባ አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሟል፤ ቃሬዛው ላይ እኔ አለሁ። የጣለችው የምሳ አገልግል ሲንከባለል ሰማሁ። ቀጥሎ የሰማሁት ድምፅ ጩኸት ይባል እንደሆነ አላውቅም። እንደ በቅሎ ደርሳ አያ ተሻገርን በጃንጥላ መታቻቸው፤ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ! የእትዬ እታገኝን ጃንጥላ ነጥቃ ነው።

«አውርዱት! አውርዱልኝ ልጄን! ውረድ! ውረድ ካልሁህ!»

«እማ፣ እየለካን እኮ...»

ወረድኩ። ፊቴን፣ ትከሻዬን፣ እጄን ዳበሰችኝ፤ ከዚያ በጥፊ መታችኝ። «ሁለተኛ! ሁለተኛ በዚህ ነገር ላይ አትውጣ!» አለች። እየተንቀጠቀጠች ነበር። እናቶች ልጃቸው ሬሳ ሲመስል አይወዱም ብዬ አለፍኩት። ግን እንዴት ልበላችሁ፣ ልክ አልነበረም። በጨዋታ የተቆጣች ሴት እንደዚያ አትንቀጠቀጥም።

አያ ተሻገር አሥራ ዘጠነኛው እርምጃ ላይ ዘንጋቸውን ተክለዋል። የቀሩትን ሁለት እርምጃዎች ትከሻቸውን እያሹ ብቻቸውን ረገጧቸው፤ እዚያ ድንጋይ አስቀመጥን። ቦታው ተገኘ ተባለ።

እሰይ አልኩ። የቀረው መዝገብ ብቻ ነው። ኮሚቴው ቦታው ከመቆፈሩ በፊት የሟቹ የክርስትና ስም ከደብሩ መዝገብ ጋር እንዲመሳከር ይፈልጋል፤ አፅሙ ሲያርፍ ጸሎቱ የሚደርሰው በዚያ ስም ነውና። ወረቀት ደግሞ የኔ ሙያ ነው። ረቡዕ ጠዋት ቄስ ሞላ ዘንድ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ቄስ ሞላ የደብሩ ጸሐፊ ናቸው። መነጽራቸው በክር የታሰረ ነው፤ መዝገባቸው በጋዜጣ የተለበደ ትልቅ ደብተር ነው።

«የወንድምህ የክርስትና ስም?» አሉ።

«መዝገቡ ላይ ይኖራል አባ።»

ዓመቱን ገለጡ፣ ወሩን ገለጡ፣ ቀኑን በጣታቸው ፈለጉ። «ያን ቀን የተቀበረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ይኸው። ገብረ መድኅን።»

መዝገቡ ላይ አጎነበስኩ።

«ምነው?» አሉ።

«አባ፣ ገብረ መድኅን እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። መልሰው አድርገው መዝገቡን አዩ። «መዝገቡ ሞተሃል ይላል።»

«አልሞትኩም አባ።»

«እሱማ ይታየኛል። ግን ሞተሃል ይላል።»

«ይሄን ማን ጻፈው?» አልኩ በቁጣ። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ሰው ከሥራ መባረር አለበት ልል አፌን ስከፍት፣ ቄስ ሞላ ከገጹ ጋር በመርፌ ቁልፍ የተያያዘች ቁራጭ ወረቀት አሳዩኝ። የእጅ ጽሑፉ በጣም ያምራል። የኔ ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። በቀብሩ ዕለት፣ ለፍትሐቱ፣ «የክርስትና ስሙ ማን ይባላል?» ሲባል ሰው ሁሉ «እሱ የተማረ ነው፣ እሱ ይጻፈው» ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ዓይኔ አብጧል፤ ሰው አይታየኝም። «ስም» ሲሉኝ ጻፍኩ። ሰው ስምህን ጻፍ ሲባል የማንን ይጽፋል? የስንቱን ሰው ስም ሳልሳሳት ጽፌ፣ በወንድሜ ቀን የራሴን ጻፍኩ።

ቄስ ሞላ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። «አይዞህ፤ ፍትሐት አይባክንም። አንተ በጊዜው ስትሞት ይቆጠርልሃል።»

አስቡት። ሠልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፤ ሁሉም የተደረሰው ለኔ ነው። እኔ ደባርቅ ቁጭ ብዬ ፎቶ ኮፒ ሳደርግ ነፍሴ በስንት ካህን ስትማለድ ኖራለች። የዚህን ሦስት ዓመት ኃጢአቴን ሁሉ ጠራርገውልኛል ማለት ነው። እሱ ግን፣ ደሳለኝ... ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ስሙን አልጠራለትም። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ይሄን እያሰብኩ ነው፤ መሳቂያ ነገር አይደለም።

«በል አሁን የእሱን ንገረኝ፣ ላስተካክለው» አሉ ቄስ ሞላ።

አላውቀውም። ቤታችን ደሳለኝ ነው የሚባለው፤ በቅሎዋም ደሳለኝ ነው የምትለው። ታላቅ ወንድምህን በክርስትና ስሙ የምትጠራው መቼ ነው?

«እናትህን ጠይቃታ!» ትሉኛላችሁ። «እማ፣ ለደሳለኝ የተደረሰው ሁሉ ለኔ ነው የተደረሰው» ብዬ ልንገራት? ይህን ከምነግራት የሊማሊሞን ገደል ብወርድ ይሻለኛል አልኩ። ሐሙስ ሊማሊሞን ወረድኩ።

የደሳለኝ የክርስትና አባት ጋሽ እንየው ይባላሉ፤ ዛሬ አዲ አርቃይ ውስጥ ሻይ ቤት አላቸው። ሚኒባሷ ገደሉን ስትጠመዘዝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወረድኩት፤ ለኔ ፍትሐቱ ቀድሞ ስለተደረሰልኝ ብዙም አልፈራሁም። ከብርድ አገር ወጥቼ ሙቀቱ ውስጥ ሹራቤን እያወለቅሁ ሻይ ቤቱ ገባሁ።

ጋሽ እንየው በደስታ ተቀበሉኝ። ጉዳዬን ስነግራቸው ግን ጺማቸውን አሹ።

«ልጄ፣ በጉብዝናዬ ከዳባት እስከ ደባርቅ ክርስትና የማነሣ እኔ ነበርሁ። ድግስ እወዳለሁ፤ አልዋሽህም። አርባ ልጅ ይሆናል ያነሣሁት። ሁሉም ሲነሡ ያለቅሳሉ፣ ሁሉም ይመሳሰላሉ። የደሳለኝ... ቆይ... በግ ታርዷል። ጠላው ቀጭን ነበር። ይሄን አስታውሳለሁ።»

«ስሙስ?»

«ስሙ ወልደ ነው የሚጀምር። ወይ ኃይለ። ወይ ገብረ። ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ከዚህ አይወጣም!» አሉ በኩራት። ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩኝ። «ለመሆኑ እናትህ የለችም እንዴ?»

«አለች።»

«እና እናትን የሚያህል መዝገብ ቤት አስቀምጠህ ነው ገደል የምትወርድ?»

ሻይ ጋበዙኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለኔ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናቴ ቤት ደረስኩ። ነገ ቁፋሮ ነው። እናቴ በረንዳ ላይ ባቄላ ትለቅማለች።

«ሁለት ቀን የት ጠፋህ?» አለች።

«አዲ አርቃይ።»

«ምን ልትሠራ?»

ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ሁሉንም፤ ወረቀቱን፣ መዝገቡን፣ ሠልስት አርባውን። ቀና ብዬ ሳላያት፣ የለቀመችውን ባቄላ ካልተለቀመው ጋር እየቀላቀልኩ ነገርኳት። ስጨርስ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ያን ዕለት ቄሶቹ 'ገብረ መድኅን' ሲሉ ሰማሁ። ሰው ሁሉ ይጮኻል፤ እኔ ግን ሰማሁ። የልጄን ስም አልሰማም?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«በሀገር ፊት ላዋርድህ? ዓይንህ አብጦ ሰው አታይም ነበር። በማግስቱ እናገራለሁ አልሁ፤ አልቻልሁም።» ከፊቷ ያለውን ባቄላ ሰበሰበች። «ደግሞ ፈራሁ። ካህን በስምህ ፍትሐት ደገመ። ፈጣሪ ሰምቶት እንደሆነስ? መልአክ ተሳስቶ ቢመጣስ? ሌሊቱን ሳስብ አድሬ፣ ሲነጋ አለህ እንደሆነ...»

አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልፈለግሁም። ሦስት ዓመት በየጠዋቱ የተቆጣኋት ሁሉ፣ ያጠፋሁት ስልክ፣ በሩ ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሴ ያየችኝ፣ ማክሰኞ ዕለት ቃሬዛው ላይ ስታየኝ ያሰማችው ድምፅ... ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ።

«ደሳለኝስ?» አልኩ። «ደሳለኝ ሦስት ዓመት ያለ ስም...»

«ምን ያለ ስም!» አለች ተቆጥታ። «ዳባት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስሙን አስጠርቼዋለሁ እንጂ! በየወሩ፣ አንድም ሳይቀር። እዚህ ባስጠራ ያንተ ስሕተት ይወጣል። ወልደ ሰንበት ብዬ፣ ጧፍ ሰጥቼ፣ አስጠርቼ እመለሳለሁ። ባዶ እጄን ስመለስ ሰው ምን ልትሠሪ ሄድሽ ሲለኝ ደግሞ ጨው ይዤ እመጣለሁ።»

ወደ ጓዳው አየሁ። የጨው ከረጢቱ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ሠላሳ ስድስት ጊዜ ወንድሜ ተጠርቷል ማለት ነው። ያን ጨው በቀልዴ ስንት ጊዜ ሰድቤዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ተቆፈረ። አያ ተሻገር ትከሻቸው ላይ ቅባት ተቀብተው መጡ። ድንጋዩ ያለበትን ቦታ ቆፈርን፤ ምንም የለም። አያ ተሻገር ፊታቸው ጠቆረ። ትንሽ ወደ ቀኝ ስናሰፋው ዶማው ያዘ። ፈንታ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ ገለጠው። ሰማያዊ ነው። ናይለን አይበሰብስም። ፈንታ ቋጠሮውን ነካክቶ «የኔ ነው። በቅሎ ብቻ ናት እንደዚህ የምትታሰር» አለና ፊቱን አዞረ። እሱ ሲያዞር ሁላችንም አዞርን።

«ግማሽ እርምጃ» አሉ አያ ተሻገር እያለቀሱ። «ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው የሳትሁት! እሱም የናንተ ጥፋት ነው፤ ይሄ ልጅ ከወንድሙ ይቀላል። ድንጋይ ይዞ መተኛት ነበረበት።»

ከእሱ ቀጥሎ አባቴ፣ ከአባቴ ቀጥሎ አያቴ፣ በመስመር ተገኙ። እንደ ተዘራ ባቄላ፣ አያ ተሻገር እንዳሉት። እትዬ እታገኝ ሳይቀር እልል አለች፤ ጃንጥላዋ ግን እስካሁን ጎባጣ ነው።

ከባሕር ዛፉ ሥር ካረፉ በኋላ ቄስ ሞላ ወደኔ ዞሩ። «የክርስትና ስሙ?» አሉ። እናቴ ከኋላዬ ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ልትነግርልኝ አፏን እንደከፈተች አውቃለሁ።

«ወልደ ሰንበት» አልኩ። ደገምኩት። «ወልደ ሰንበት ነው አባ።»

ወልደ ሰንበት ተባለለት። በገዛ ደብሩ፣ እኔ እየሰማሁ።

ከጸሎቱ በኋላ መዝገቡን ይዤ ቄስ ሞላን ተከተልኳቸው። «አባ፣ የኔን ይሰርዙልኝ» አልኩ።

«መዝገብ አይሰረዝም።»

«ልኑር ታዲያ ሞቼ?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሁለታችንም ወረቀቱን ይዘን ተያየን፤ ሞኙ ማን እንደሆነ አልተነጋገርንም። በመጨረሻ ቄስ ሞላ እስክሪብቶ አወጡ፤ ከስሜ ትይዩ ካለው ባዶ ቦታ ላይ በቀስታ አንዲት ቃል ጻፉ። «አለ።»

ለእናቴ አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

በማግስቱ እሑድ፣ ደባርቅ አልጋዬ ላይ፣ ሰማዩ ገና ሳይነጣ ነቃሁ። ልማድ ነው። ስልኬን አየሁ። አልጮኸም። ተገላብጬ ተኛሁ፤ እንቅልፍ የለም። ሰማዩ ነጣ። ስልኩ ዝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄን ዝምታ ስመኝ ነበር፤ አሁን ሲመጣ ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ፀሐይ ወጣች። አልቻልኩም፤ እኔው ደወልኩ።

«እማ?»

«አቤት?» ድምፅዋ በእንቅልፍ ጎርንኗል።

«አለሁ።»

«ታዲያ እኔ ምን አልሁህ? አንድ ቀን እንኳ ልተኛበት!» ብላ ዘጋችው።